ዋጋውን ከለቅሶው በፊት እንወቀው፦ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚገኙ ዕድሮችና ሰበካ ጉባኤዎች ግልጽ ደብዳቤ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የዕድር ሰብሳቢዎች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለመስጊድ የቀብር ኮሚቴዎች፤

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ከሰላምታዬ ቀጥሎ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። በዚህ አካባቢ ሰው ሲሞትብን ፊውነራል ሆም፣ ማለትም አስከሬን ተረክቦ ቀብር የሚያሰናዳውን ድርጅት፣ የምንመርጠው ዋጋ አወዳድረን አይደለም። ሟች ያረፈው ሆስፒታል ከሆነ ነርሷ መጥታ «አስከሬኑን ማን ይወስደዋል?» ብላ ትጠይቃለች። ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ኮሪደር ወጥቶ ይደውልና «የእነ እገሌን እናት የሸኘው የቱ ነበር?» ይላል። ስሙ ይነገረዋል፤ መኪናው ይመጣል፤ አለቀ። በማግስቱ እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረ ልጅና ሁለት የዕድር ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ወረቀት ይቀርብላቸዋል፤ ይፈርማሉ። እናቱን ያጣ ሰው ፊት «ይሄኛው ደግሞ የምን ክፍያ ነው?» ብሎ መጠየቅ ስስት ስለሚመስል ማንም አይጠይቅም።

በዕድራችን ቀብር አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ ስለማገለግል ያንን ጠረጴዛ አውቀዋለሁ። ይህን የምጽፈው ፊውነራል ሆሞችን ለመክሰስ አይደለም፤ ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች ጨዋዎች ናቸው። ነጋዴ መሆናቸው ግን አይቀርም፤ እኛ ደግሞ ዋጋ የማይጠይቅ ደንበኛ ሆነናል። የምለምናችሁ ይህን እንድትለውጡልን ነው። አንድም ሰው ሳይሞት፣ በደህናው ቀን፣ ከየፊውነራል ሆሙና ከየመካነ መቃብሩ የዋጋ ዝርዝር ሰብስባችሁ ለአባላት አድሉልን።

ሕጉ ለዚህ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ፣ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን የተባለው ሸማቾችን የሚጠብቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስከብረው «ፊውነራል ሩል» የሚባል ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ፊውነራል ሆም በስልክ ዋጋ ለጠየቀው ሰው መናገር አለበት፤ መጀመሪያ ስምህንና ስልክህን ካልሰጠኸኝ ማለት አይችልም። በአካል ሄዶ ለጠየቀ ደግሞ ይዞት የሚሄደው የታተመ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ ስሙ ጄኔራል ፕራይስ ሊስት ነው። ለዚህ ሐዘንተኛ መሆን አያስፈልግም። ሳጥኖቹን ከማሳየታቸው በፊት የሳጥኖቹን ዋጋ በጽሑፍ ማሳየት ግዴታቸው ነው። በመጨረሻም የመረጣችሁት ነገር አንድ በአንድ ከነዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣችኋል። ደንቡን የጣሰ ድርጅት ለአንድ ጥሰት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊቀጣ ይችላል። እንግዲህ ዝርዝሩን ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

ዝርዝሩ ምን እንደሚመስል በአሜሪካ የፊውነራል ዳይሬክተሮች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2023 ጥናት ላሳይ። ስንብትና ሥነ ሥርዓት ያለው ቀብር በአገር አቀፍ ደረጃ መካከለኛ ዋጋው 8,300 ዶላር ነበር፤ ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያስከፍሉ ነበር ማለት ነው። ሲተነተን መሠረታዊ የአገልግሎት ክፍያ 2,495 ዶላር፤ አስከሬኑን ካረፈበት ቦታ ማንሳት 395፤ ኢምባልሚንግ፣ ማለትም አስከሬኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት መስጠት 845፤ ማልበስና ማሰናዳት 295፤ ለስንብት የሚከፈት አዳራሽ 475፤ ለሥነ ሥርዓት የሚከፈት አዳራሽ 550፤ አስከሬን የሚጭነው መኪና 375፤ ተከታይ መኪና 175፤ የሚታተሙ ወረቀቶች 195፤ የብረት ሳጥን 2,500። በዚህ ላይ ብዙ መካነ መቃብሮች የሚጠይቁት ቮልት አለ፤ መቃብሩ ውስጥ ሳጥኑ የሚገባበት የኮንክሪት መያዣ ነው። እሱ 1,695 ዶላር ሲጨመር ሒሳቡ 9,995 ይደርሳል። የመቃብር ቦታው፣ ቁፋሮው፣ የመቃብር ድንጋዩ፣ አበባውና ምግቡ ገና አልተነኩም።

አሁን እያንዳንዱን መስመር በእኛ ወግ እንየው። ከነዚህ ውስጥ ቤተሰቡ «አልፈልግም» ማለት የማይችለው የመጀመሪያውን፣ መሠረታዊ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ምርጫ ነው። ኦርቶዶክስ የሆንን ጸሎተ ፍትሐቱን የምናደርሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሆነ ለሥነ ሥርዓት አዳራሽ 550 ዶላር የምንከፍልበት ምክንያት የለም። ሕዝቡ የሚሰናበተው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ከሆነ 475ቱም እንደዚያው ነው። ወረቀቱን የሟች የልጅ ልጅ በኮምፒውተር አዘጋጅታ ማተሚያ ቤት ብትሰጠው ያምራል እንጂ አያንስም።

ኢምባልሚንግ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሕግ የሚያስገድደው ይመስለዋል። ለማንኛውም ቀብር ኢምባልሚንግ ይደረግ የሚል ሕግ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የለም። ቀብሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆነና ሳጥኑ ካልተከፈተ አስከሬኑን በማቀዝቀዣ ማቆየት ይበቃል። ሳጥኑ ተከፍቶ ሕዝብ ይየው ከተባለ ግን ብዙ ፊውነራል ሆሞች በራሳቸው አሠራር ይጠይቁታል፤ ያን ጊዜ 845ቱ ይመጣል፣ ማሰናዳቱ ይከተላል፣ ሳጥኑም የሚታይ ነውና ከፍ ያለው ይመረጣል። ሳጥን ከፍቶ ማሳየትን እኮ የተማርነው እዚህ ነው። ሀገር ቤት አስከሬን ተገንዞ ነው ከቤት የሚወጣው፤ ፊቱን ለማየት ተሰልፎ የሚያልፍ ሕዝብ አልነበረም። ፈልጎ የሚያደርገውን ቤተሰብ አልነቅፍም። ነገር ግን «ወጉ ነው» ተብሎ ሲነገር ስሰማ የማን ወግ ነው እላለሁ።

ሙስሊም ወገኖቻችን በዚህ በጣም ይቀድሙናል። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሶላት ተሰግዶበት በቶሎ ይቀበራል፤ የሚያብረቀርቅ ሳጥንም ሆነ መድኃኒት የለበትም። በደንብ የተደራጁት ኮሚቴዎች ከመካነ መቃብር ጋር አስቀድመው ስለሚነጋገሩ ቤተሰቡ በሐዘኑ ቀን የሚወስነው ነገር ጥቂት ነው። የክርስቲያን ዕድሮች ሰብሳቢዎች አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ሻይ ጠጥታችሁ አሠራራቸውን ብትጠይቁ ከዚህ ደብዳቤ የበለጠ ትማራላችሁ።

ሳጥን ከፊውነራል ሆሙ መግዛት ግዴታ አይደለም። ኮስትኮና ዋልማርት ሳይቀሩ ሳጥን ይሸጣሉ። ከውጭ የተገዛ ሳጥን ሲመጣ ፊውነራል ሆሙ መቀበል አለበት፤ ለዚያም ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ በደንቡ የተከለከለ ነው። ዙሪያውን ላስቲክ ያለው፣ ውሃና አየር አያስገባም የሚባለው ሳጥን ደግሞ ዋጋው ይንራል። አስከሬኑን ለዘለዓለም ይጠብቃል ብሎ መሸጥ ግን ክልክል ነው፤ እንደዚያ ያላችሁ ሰው ካለ ሌላ ቤት ሂዱ።

ከሁሉ በላይ ሁለት መስመሮችን አስምሩልኝ። በየጄኔራል ፕራይስ ሊስቱ ላይ የግድ መገኘት ካለባቸው መካከል አንዱ «ኢሚዲየት በሪያል» ይባላል፤ በፊውነራል ሆሙ ውስጥ ስንብትም ሥነ ሥርዓትም የሌለበት፣ አስከሬኑን አንስቶ፣ ወረቀቱን ጨርሶ የሚቀብርበት ጥቅል ዋጋ ነው። ፍትሐቱን ቤተ ክርስቲያን ለሚያደርስ ቤተሰብ ከዚህ ተነስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን መውሰጃውን መኪና ብቻ ማስጨመር ብዙ ጊዜ ከሙሉው አገልግሎት በጣም ይቀንሳል። ሌላው «ፎርዋርዲንግ ኦፍ ሪሜይንስ» የሚለው ነው፤ አስከሬን ወደ ሌላ ቦታ አዘጋጅቶ የመላኪያ ዋጋ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ለምንልከው የሚመለከተን እሱ ነው። መሠረታዊው የአገልግሎት ክፍያ በሁለቱም ውስጥ የተጠቃለለ ስለሆነ ለብቻው ዳግመኛ ሲደመር ካያችሁ አስቁሙ።

መካነ መቃብሩ ሌላ ዓለም ነው። ፊውነራል ሩል ፊውነራል ሆም የሌላቸውን መካነ መቃብሮች ስለማይገዛ ዝርዝር እንዲሰጡ የሚያስገድዳቸው ይህ ደንብ የለም፤ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ማግኘት የእናንተ ፋንታ ነው። ሰው «ቦታ ገዝቻለሁ» ሲል ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ቦታው የመሬቱ ዋጋ ብቻ ነው። መቃብሩን መቆፈርና መልሶ መድፈን ለብቻው ይከፈላል። ቮልቱ ለብቻው ነው፤ እሱንም የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ የመካነ መቃብሩ የውስጥ ደንብ እንጂ የስቴት ሕግ አይደለም። የመቃብር ድንጋዩ፣ ድንጋዩን ማስተከያው፣ ሁሉም የየራሱ ሒሳብ አለው። በብዙ ቦታ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ጭማሪ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ራሳችንን እንይ። ሀገር ቤት ጠዋት ያረፈ ሰው ከሰዓት በኋላ ይቀበር ነበር፤ እዚህ ግን ሰው ሥራ እንዳይቀር፣ ዘመድ ከዳላስና ከሲያትል እንዲደርስ ብለን ቅዳሜን እንጠብቃለን፤ ለቆይታውም ለቅዳሜነቱም እንከፍላለን። ሐሙስ ጠዋት መቅበር ምን ያህል እንደሚቀንስ ቤተሰቡ ሰምቶ ቢወስን እኮ ቅዳሜን ሊመርጥ ይችላል፤ ግን አውቆ ይመርጣል።

አንድ የመቃብር ቦታ ለባልና ሚስት አንዱን ከአንዱ በላይ ለመቅበር ይፈቀድ እንደሆነም ጠይቁ። ድንጋዩን በተመለከተ፣ ከመሬት ጋር እኩል የተነጠፈ ነሐስ ብቻ የሚፈቅዱ መካነ መቃብሮች አሉ። ሀገር ቤት እንደምናውቀው ቆሞ ፎቶ ያለበት ሐውልት ያሠራ ቤተሰብ ድንጋዩ መጥቶ በር ላይ ሲመለስበት ማየት ልብ ይሰብራል። ሰበካ ጉባኤዎች ደግሞ በጅምላ የመግዛት አቅም አላችሁ። አንድ ቤተሰብ በሐዘን ቀን ብቻውን ከሚከራከር ለአጥቢያው ምእመናን አንድ ክልል ተይዞ በቡድን ዋጋ ቢነገር ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ወደ ሀገር ቤት መላክ የሚለውን ጉዳይ ሳልነካው ባልፍ ደስ ባለኝ፤ በጣም የሚያከራክረን እሱ ነውና። ግን ወጪው የሚያብጠው እዚህ ላይ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ አስከሬን የማጓጓዣ ፈቃድ፣ ኢምባልሚንግ፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ፓስፖርቱ፣ የኤምባሲ ማረጋገጫ፣ በአየር ለመጫን የሚያስፈልገው ማሸጊያ፣ የካርጎው ክፍያ፤ ይህ ሁሉ ከደለስ ኤርፖርት እስኪነሳ ድረስ ነው። ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ አስከሬኑ በሜሪላንድ ወደ ባልቲሞር፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ወደ ማናሳስ የሞት ምክንያት መርማሪ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። እሱ ሳይለቅ ፊውነራል ሆሙ ምንም ማድረግ አይችልም፤ የበረራ ቀን ቀድሞ መቁረጥም ከንቱ ነው። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሞቱ ምክንያት «በምርመራ ላይ» ተብሎ ከወጣ የሕይወት ኢንሹራንሱም እስኪጣራ ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ ቦሌ ይደርሳል። ቦሌ ላይ ሁለተኛው ቀብር ይጀመራል እንጂ ወጪው አያልቅም። መኪና፣ ድንኳን፣ ለለቅሶ ደራሽ የሚቀርበው፣ የመቃብር ቦታው። አዲስ አበባ ውስጥ የየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተጨናንቆ ብዙ ሰው የሚቀበረው በፉካ ነው፤ እሱም በብዙ ቦታ ለተወሰነ ዓመት የሚከፈልበት ነው። እዚህ ያሉት ልጆች ይህን አያውቁም፤ አባታቸውን አንዴ ቀብረው የጨረሱ ይመስላቸዋል። ከሁሉም ይልቅ የሚከብደው ግን አስከሬኑን ተከትለው የሚሄዱት ሰዎች ትኬት ነው። ሚስት፣ ሦስት ልጆችና አንድ ወንድም በሁለት ቀን ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ዋጋውን አስቡት። ዕድሩ ለቀብር የሰጠው ገንዘብ እዚያ ላይ ያልቃል።

አትላኩ አልልም። ሀገሩ አፈር ላይ ላርፍ ያለ ሰው ቃሉ ይከበር። እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉን ያልተናገረው ነው። እሱ ዝም ብሎ ሲሞት ውሳኔው በቫይበር ይሆናል፦ አክስት ከጎንደር «ልጄን አምጡልኝ» ትላለች፣ ሚስት ልጆቿ ሊጎበኙት በሚችሉበት ሲልቨር ስፕሪንግ እንዲቀበር ትፈልጋለች፣ የዕድሩ ሰው መሀል ቤት ይቆማል። በዚህ ክርክር ሦስትና አራት ቀን ይሄዳል። አስከሬኑ በሚቆይበት ለእያንዳንዱ ቀን የሚያስከፍሉ ቤቶች እንዳሉም አትርሱ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የሚነገረው ብዙ ስህተት ስላለ በአጭሩ ላስተካክል። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥቱ የጡረታ መድን፣ ለቀብር የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ክፍያ 255 ዶላር ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አይደለም፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። እሱም ለትዳር ጓደኛ ወይም ብቁ ለሆነ ልጅ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። ሟች ጡረታ ይቀበል ከነበረ ደግሞ ለሞተበት ወር የሚከፈል የለም፤ ያ ገንዘብ በቀጣዩ ወር ባንክ ከገባ ይመለሳል። በእሱ አበባ የገዛ ቤተሰብ በኋላ ሂሳቡ ላይ ጉድለት ያገኛል። ሟች በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ወይም በወንጀል ከሞተ ለቀብር ወጪ የሚተርፍ ካሳ አለ፤ ሦስቱም ጋ፣ በዲሲም በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ቢሮዎች የቀብር ወጪን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናሉ። በሌሊት ታክሲና ራይድ የሚነዱ ስንት ወንድሞች እንዳሉን እያሰባችሁ ይህን ለአባላት ንገሩ።

ብዙዎቻችን በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በኤርፖርት ስንቀጠር በሥራው በኩል የሕይወት ኢንሹራንስ አለን። ተጠቃሚ ብለን የጻፍነው ግን ከ20 ዓመት በፊት ያገኘነውን ስም ነው፦ ያረፈች እናት፣ የተፋታች ሚስት፣ ወይም ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ገንዘቡ በቀላሉ አይለቀቅም፤ ፍርድ ቤት ሞግዚት መሰየም ሊያስፈልግ ይችላል። የባንክ ሂሳብም ባለቤቱ ሲሞት ይዘጋል። ባንክ ሄዶ «ብሞት ለእገሌ ይከፈል» ብሎ ማስመዝገብ ግን በአብዛኛው ባንክ በነጻ የሚያልቅ ነገር ነው። ለቀብር ተብሎ ጥቂት ሺህ ዶላር በዚህ ዓይነት ሂሳብ የተቀመጠለት ቤተሰብ ያለ ልመና ይቀብራል።

ልመና ስል በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበትን ጎፈንድሚን ማለቴ ነው፤ ቃሉ ከከበዳችሁ ይቅርታ። በድንገት ለሞተ ወጣት፣ ገና ወረቀት ላልያዘ ስደተኛ፣ ሕፃናት ጥላ ለሄደች እናት ይከፈት፤ እኔም እሰጣለሁ። ሠላሳ ዓመት በደህና ደሞዝ ሠርቶ፣ ቤት ገዝቶ፣ ልጅ ለዳረ ሰው ግን በሞተ በሦስተኛው ሰዓት ሊንክ ሲላክ ይከነክነኛል። ድርጅቱም ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባና ለምን እንደዋለ የሚጠይቅ ደግሞ አይገኝም፤ ዕድር ቢያንስ ኦዲተር አለው።

ስለ ዕድራችን ሒሳብም ልናገር፤ ይህን የሚያውቁት ገንዘብ ያዦች ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ዕድሮቻችን የሚሠሩት ሰው ሲሞት በማዋጣት ነው። ለምሳሌ 250 አባላት ያሉት ዕድር በአንድ ሞት 50 ዶላር ቢያዋጣ 12,500 ዶላር ይሰበሰባል። በዓመት ሁለት ሰው ሲሞት የአንድ አባል ወጪ 100 ዶላር ነው፤ አይከብድም። እ.ኤ.አ. ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በወጣትነታቸው የመጡት ግን ዛሬ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። በዓመት አሥር ሰው መሞት ሲጀምር ያው አባል 500 ዶላር ይጠየቃል። ልጆቹ አይገቡም፤ ጡረታ የወጡት መክፈል ያቅታቸዋል፤ አንዳንዱ ይወጣል፤ የቀረው የበለጠ ይከፍላል። የዕድሩ ሰው ጨዋነት ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። ስለዚህ የአባላቶቻችሁን ዕድሜ በወረቀት ላይ አስፍራችሁ የሚቀጥለውን አሥር ዓመት አስሉት፤ ተጠባባቂ ገንዘብ የሌላችሁ በየወሩ ጥቂት ማስቀመጥ ጀምሩ። የወጪው ዋጋ ሳይታወቅ መዋጮው ስንት ይሁን ብሎ መከራከር ደግሞ በጨለማ መተኮስ ነው። የዋጋ ዝርዝሩን አስቀድሜ የጠየቅኋችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

ከዝርዝሩ ጋር አንዲት ገጽ ቅጽ ጨምሩ፤ እያንዳንዱ አባል በደህናው ቀን ይሙላት። የት መቀበር እፈልጋለሁ? እዚህ ወይስ ሀገር ቤት? ሳጥኑ ይከፈት ወይስ አይከፈት? ኢንሹራንሴ የማነው፣ ወረቀቱ የት ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ማን ይፈርምልኛል የሚለው ነው። ፊውነራል ሆም ያለ ሕጋዊ ፈራሚ አስከሬን አይቀብርም፤ አይልክምም። ሕጉ የትዳር ጓደኛን፣ ያደጉ ልጆችን፣ ወላጆችን፣ ወንድምና እህትን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ያላገባ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሀገር ቤት የሆነ ሰው ሲሞት አብሮት አሥር ዓመት የኖረ ጓደኛው በሕግ ዓይን ማንም አይደለም። ይህን ለማስተካከል አባሉ በሕይወት ሳለ የቀብር ወኪሉን በጽሑፍ መሰየም ይችላል፤ በቨርጂኒያ ወረቀቱ በኖተሪ፣ ማለትም ፊርማ በሚያረጋግጥ ሰው፣ ፊት ተፈርሞ ተወካዩም መቀበሉን በጽሑፍ ካረጋገጠ ይጸናል። ሜሪላንድ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ስቴት ሕግ በ72 ሰዓት ውስጥ ጠያቂ ያላገኘ አስከሬን አስከሬን ለሕክምና ትምህርት ለሚያውለው የስቴቱ የአናቶሚ ቦርድ ይተላለፋል። ብቻቸውን ቤዝመንት ተከራይተው የሚኖሩ አባቶችና ወንድሞች በየዕድራችን አሉ። የእነሱ ቅጽ ከሁሉ በፊት ይሞላ።

የሞት ምስክር ወረቀትን በተመለከተ ደግሞ አንድና ሁለት ቅጂ አዝዞ መመለስ ቀርቶ ከመጀመሪያው በርከት ያለ ይታዘዝ። ኢንሹራንሱ አንድ ይፈልጋል፣ ባንኩ አንድ፣ የሥራው ጡረታ አንድ፣ ኤምባሲው አንድ፣ ሀገር ቤት ለወራሽነት ማረጋገጫም እንደዚሁ።

የለቅሶ ቤቱንና የአርባውን ድግስ ሆን ብዬ አልዘረዘርኩም። የሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ቪዲዮ አስቀርጾ አርባ ማውጣት ለሟች ነፍስ ምን እንደሚጨምር ካህናቱ ይመልሱልን፤ እኔ ግን በክሬዲት ካርድ ሲከፈል አይቻለሁ። ካህናቱ ከመቅደሱ ቆመው «ዳቦና ንፍሮ ይበቃል» ቢሉ ከማንኛችንም ይልቅ ይሰማሉ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ አጀንዳ እንድታስይዙልኝ የምጠይቀው ይህን ነው። በየዕድሩ ሁለት ሰው ይመረጥ፤ አንዱ እንግሊዝኛውን በደንብ የሚያነብ ወጣት ይሁን። በየዓመቱ መስከረም ላይ በአካባቢያቸው ያሉ አምስት ፊውነራል ሆሞችንና ሦስት መካነ መቃብሮችን ያነጋግሩ፤ ጄኔራል ፕራይስ ሊስታቸውን ያምጡ፤ ኢሚዲየት በሪያሉን፣ ፎርዋርዲንጉን፣ በጣም ርካሹን ሳጥን፣ ቁፋሮውን በሥራ ቀንና በቅዳሜ በአንድ ገጽ በአማርኛ አስፍረው ለአባላት በቴሌግራም ይላኩ። ዕድሮች እርስ በርሳችሁ ብትለዋወጡ ደግሞ ሥራው በአንድ ሳምንት ያልቃል። እኔ በበኩሌ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ድርሻ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ፤ የሠራሁትንም ለጠየቀ ዕድር ሁሉ እሰጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የዕድር አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ